እንግድነትን የዘነጋው ሥልጠና

በደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኝ አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የስብከተ ወንጌል ክፍልን ማስተባበር ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ወጣቶችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር አጥቢያዎች ይዞ የመውጣት ኃላፊነት ደጋግሞ የደረሰኝ ሲሆን፣ ከጉዞዎቹ ሁሉ በ2011 ዓ.ም. በጾመ ፍልሰታ ወደ መንዝ ያደረግነው ከልቤ አይጠፋም። በዚያ ጉዞ አንድ ወጣት አገልጋይ በሰው ፊት አሳፍሬአለሁ፤ እርሱም አገልግሎቱን አቋርጦ ተመልሷል፤ ለስምንት ወር የደከምሁበት ሥልጠናም መጀመሪያ ሊሰጥ የሚገባውን ትምህርት እንደዘለለ በዚያው ተረድቻለሁ። ይህን የምጽፈው በየአጥቢያው ተመሳሳይ ኃላፊነት ለተሰጣቸው ወንድሞችና እኅቶች ይጠቅም ይሆናል በማለት ነው።

ሥልጠናው የተጀመረው በታኅሣሥ ወር ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ የታኅሣሥ ብርዷ የታወቀ ነው፤ ወጣቶቹ ግን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ አዳራሹ ይመጡ ነበር፤ እሑድም ከቅዳሴ በኋላ ይቀጥላሉ። ከተመዘገቡት መካከል እስከ መጨረሻው የዘለቁት 8 ወንድሞችና 5 እኅቶች ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 24 ዓመት ነበር። ገሚሶቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሌሎቹ የመሰናዶ ተማሪዎች ወይም በሱቅና በጋራዥ ሥራ የተሰማሩ ነበሩ፤ ሦስቱ ወንድሞች ዲያቆናት ናቸው። አምስቱን አእማደ ምሥጢር፣ ማለትም ምሥጢረ ሥላሴን፣ ምሥጢረ ሥጋዌን፣ ምሥጢረ ጥምቀትን፣ ምሥጢረ ቁርባንንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታንን፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ቀሲስ በጥንቃቄ አስተማሯቸው። እኔ የቤተ ክርስቲያን ታሪክንና የስብከት ዘዴን ያዝሁ። ከሚያዝያ ጀምሮ እያንዳንዱ ሠልጣኝ በጓደኞቹ ፊት ቆሞ የ10 ደቂቃ ስብከት ያቀርብ ነበር፤ ድምፁን፣ የሐሳቡን ቅደም ተከተል፣ የጥቅሱን ትክክለኛነትና የሰዓት አጠቃቀሙን እየመዘንን እናርመዋለን። ሐምሌ ሲገባ በእርግጥ ጥሩ ተናጋሪዎች ሆነው ነበር።

ስለ ራሳችን የነበረን ግምትም ከፍ ያለ ነበር። ያለንባት ከተማ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ የተመሠረተች ናት፤ ንጉሡ ሕዝቡ በሰንበታት ሃይማኖቱን እንዲማር አጥብቀው ያዝዙ እንደነበር ሠልጣኞቹ ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከዚሁ ከሸዋ፣ ከቡልጋ የወጡ አባት ናቸው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም የደብረ ሊባኖሱ አባ ፊልጶስ በነበሩበት ጊዜ የሸዋ ምድር ለ12 ንቡራነ እድ፣ ማለትም እጅ ተጭኖባቸው ለተሾሙ የቤተ ክርስቲያን አለቆች፣ ተከፋፍሎ ወንጌል እንዲሰበክበት ተደርጓል። ይህን ታሪክ ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ፤ ወጣቶቹም «እኛ የንቡራነ እድ ወራሾች ነን» እያሉ በኩራት ይናገሩ ነበር። እነዚያ አባቶች በየተመደቡበት ሀገር ተቀምጠው እንዳስተማሩ፣ እኛ ግን የምንሄደው ለጥቂት ቀናት ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ አላነሣሁላቸውም። ማንሣት ይገባኝ ነበር።

ለጉዞው ዕጣን፣ ጧፍና ዘቢብ ከምእመናን ሰበሰብን። ብዙ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት በተለይ በክረምት፣ መንገዱ ሲበላሽና የገበሬው ጎተራ ሲጎድል፣ ለቅዳሴ የሚያስፈልገውን እንኳ በችግር እንደሚያሟሉ እናውቃለን። በዚሁ ምክንያት አንድ ጥብቅ ደንብ አወጣሁ፦ ማንም አገልጋይ በገበሬው ቤት እንዳይበላ፣ ሁሉም የየራሱን በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይዞ እንዲሄድ። ነሐሴ ሐምሌን ተከትሎ የሚመጣ የችግር ወር ነው፤ ገብሱ ገና በማሳ ላይ ሳለ 13 ወጣቶችን በሰው ማዕድ ላይ ማስቀመጥ ግፍ መስሎ ታየኝ። አሳቡ ከፍቅር የመነጨ እንደነበር አልጠራጠርም።

ሰኞ ሐምሌ 29 ቀን ማለዳ ከደብረ ብርሃን ተነሣን። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ ወርዶ ከመኪናው ፊት አሥር ርምጃ እንኳ አይታይም ነበር። ዋናው መንገድ ከዚያ ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቆላ ሲወርድ፣ እኛ ወደ ግራ ታጥፈን በመዘዞ በኩል ወደ ሞላሌ ቀጠልን። ከሞላሌ ወደምንሄድባት አጥቢያ መኪና የሚያስኬድ መንገድ ስለሌለ ዕቃችንን በአህያ ጭነን በጭቃው ውስጥ በእግር ተጓዝን። አጥቢያዋን በስም አልጠራትም፤ በእመቤታችን ስም የታነጸች፣ ዙሪያዋን በጥድና በወይራ የተከበበች፣ ጥቂት የአብነት ተማሪዎች ያሏት ደብር ናት።

የአካባቢው ሰዎች እኛን ሁለት ሁለት አድርገው በየቤታቸው ተከፋፈሉን። በየቤቱ ውኃ ተሞቀ፤ ባለቤቶቹም የእንግዶቹን እግር አጠቡ። ከከተማ የመጡት ልጆች ይህን ባህል በቃል እንጂ በዐይናቸው አይተውት አያውቁምና አንዳንዶቹ አፍረው እግራቸውን ለመስጠት ተግደረደሩ። ከዚያ እንጀራ ሲቀርብ ሁሉም በደንቡ መሠረት «አንበላም፣ ስንቅ ይዘናል» አሉ። በማግስቱ ጠዋት አንድ አባት ወደ እኔ መጥተው «ልጄ፣ የእኛ እንጀራ ምን ሆኗል?» አሉኝ። ቃላቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ከልብ ማወቅ የፈለጉት ነገር ነበር። ሕዝቡን ላለማስቸገር መሆኑን ባስረዳም ፊታቸው ላይ ያየሁት ቅሬታ አልጠፋም። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ በላካቸው ጊዜ በገቡበት ቤት እንዲቀመጡና ያቀረቡላቸውን እንዲበሉ ማዘዙን ሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 ጽፎልናል፤ ይህን ምዕራፍ በሥልጠናው ላይ ሁለት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። የማስተምረው ግን ስለ መላክ እንጂ ስለ መብላት አልነበረም።

እሑድ ነሐሴ 5 ቀን ከቅዳሴ በኋላ የመጀመሪያው ስብከት ነበር። ተራው የደረሰው ከሠልጣኞቹ ሁሉ በአንደበቱ የላቀው ዲያቆን ነው፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ሲሆን፣ በሥልጠናው ጊዜ ሌሎቹን ሁሉ በትጋት የበለጠ ልጅ ነበር። በዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሞ ስለ ጥንቆላና ስለ ባዕድ አምልኮ ሰበከ። ጥቅሶቹ በቦታቸው ነበሩ፤ ድምፁም እስከ ቅጥሩ ዳር ይሰማ ነበር። ሆኖም በመካከል «እስከ ዛሬ የሚያስተምራችሁ ስላጣችሁ ነው» አለ፤ ለ40 ዓመታት ያህል በዚያች ደብር ያስተማሩት መሪጌታ ከፊት ተቀምጠው ሳለ። ቀጥሎም «ቡና ስታፈሉ ለቆሌ እያላችሁ መሬት የምታፈሱ እናቶች እንዳላችሁ በዐይኔ አይቻለሁ» አለ። ያየው ባረፈበት ቤት ነው። ያሳደሩት እናት ከእናቶች መካከል ቆመው ነበር፤ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉት። ስብከቱ ሲያበቃ ሕዝቡ እንደ ሥርዓቱ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» አለ። ይህን ምርቃት ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን ከብዶኝ አያውቅም።

የዚያን ዕለት ማታ በደጀ ሰላሙ ቡድኑን ሰብስቤ ዲያቆኑን በሁሉም ፊት ገሠጽሁት። የተናገርሁት ቃል ስሕተት አልነበረበትም፤ አነጋገሬ ግን ያለ ርኅራኄ ነበር፤ ከዚያም በላይ ሁለት የደብሩ ካህናት በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ልጁ አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ዋለ፤ ማክሰኞ ነሐሴ 7 ቀን ጎሕ ሳይቀድ ቦርሳውን አንግቦ ወደ ሞላሌ በእግሩ ወረደ። ለጓደኛው «ጋሼን ይቅርታ በልልኝ» ብሎት ሄደ። እኔ ግን ኩራቱ ተነክቶ እንደሄደ አድርጌ ቆጠርሁት፤ ይህንንም ለቀሩት ነገርኋቸው። ከሠራኋቸው ስሕተቶች ሁሉ ዛሬም የሚቆጨኝ ይህ ነው።

በዚያው ቀን ከቅዳሴ በኋላ ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ መሪጌታ ሄድሁ። ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ስለሚሏቸው እኔም የኔታ እያልሁ ነው ያነጋገርኋቸው። ከጎጆአቸው ደጃፍ የበግ ለምድ አንጥፈው አስቀመጡኝ። ስለ ስብከቱ ምንም አላነሡም፤ ልጁ ወጣት ነው፣ ነገ አባት ይሆናል አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ከመጣችሁ ስምንተኛ ቀናችሁ ነው። ስለ ታቦቷም፣ ስለ ተማሪዎቼም፣ ስለ ሕዝቡም ከእናንተ አንድ ሰው እንኳ አንዳች ነገር አልጠየቀኝም» አሉኝ። ይህን ያሉት በወቀሳ ድምፅ አልነበረም። እውነት ነበር። ለስምንት ወር ያሠለጠንኋቸው 13 ወጣቶች በስምንት ቀን ውስጥ አንድ ጥያቄ አልጠየቁም፤ ምክንያቱም መናገርን እንጂ መጠየቅን አላስተማርኋቸውም ነበር። እኔም አልጠየቅሁም።

የቀረውን ጊዜ በሌላ መንገድ አሳለፍነው። የምግቡን ደንብ ሻርሁት፤ ይሁን እንጂ እጅን አጣጥፎ ከሰው ማዕድ መቀመጥም እንዳይሆን፣ ከሞላሌ ገበያ ዱቄትና ሽሮ አስመጥተን ለየቤቱ እናቶች አስረከብን። እኅቶቻችን ከእናቶች ጋር አብረው ጋገሩ፤ ከዚያም አንድ ላይ ተበላ። ከእኅቶቻችን አንዷ እንደነገረችኝ፣ ያረፈችበት ቤት እናት ቀደም ሲል እንግዶቹ እምቢ ያሉትን እንጀራ መልሰው ለልጆቻቸው ሲሰጡ፣ ለራሳቸው «ጾሜን እቆያለሁ» እያሉ ያሳልፉት ነበር። አብረው መጋገር ከጀመሩ በኋላ ግን በአንድ መሶብ ዙሪያ ቀረቡ።

ወንድሞች ወደ አብነት ተማሪዎቹ ሄዱ። ከተማሪዎቹ ጎጆዎች የአንዱ ክዳን በዝናቡ ወርዶ ነበር። በመንዝ ቤት የሚከደነው ጓሣ በሚሉት ረጅም ሣር ነው፤ የጓሣው ሜዳም ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል የአካባቢው ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ነው። ሣሩ የሚታጨድበት ጊዜ በሥርዓት የተወሰነ በመሆኑ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፤ አንድ ገበሬ ለራሳቸው ቤት ካስቀመጡት ላይ ሰጡንና ልጆቻችን በተማሪዎቹ መሪነት ክዳኑን ጠገኑት። የኔታም በየቀኑ ከቅዳሴው በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል ወጣቶቹን ከተማሪዎቻቸው ጋር አስቀምጠው ውዳሴ ማርያምን ያስነብቧቸው ጀመር። ደበሎ የለበሰ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚማር የ12 ዓመት ልጅ የሰባቱን ዕለታት ውዳሴ በቃሉ ሲያደርስ፣ መጽሐፍ ይዘው እንኳ የሚደናቀፉት የእኛ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ይከተሉት ነበር። ያ አንገት መድፋት ለእኔ ከስምንት ወሩ ሥልጠና የበለጠ ፍሬ ነበረው።

ስብከቱም ቢሆን አልቀረም፤ ግን ቅርጹ ተለወጠ። በሥራ ቀናት ሕዝቡ እስከ 9 ሰዓት ጾሞ ቅዳሴ ካደረሰ በኋላ ረጅም ትምህርት ለመስማት ይደክማል። ስለዚህ ወደ ማታ፣ ከብት ከገባ በኋላ፣ በደጀ ሰላሙ ጥቂት ሰዎች እየተሰበሰቡ እንዲጠይቁን፣ እኛም የምናውቀውን እንድንመልስ፣ የማናውቀውን ለካህናቱ እንድንተው ተስማማን። በዚያ የመጡት ጥያቄዎች ካዘጋጀናቸው ስብከቶች ጋር አይገናኙም ነበር። አንዲት እናት በሰማንያ ተጋብተው አምስት ልጆች እንዳፈሩ ገልጸው፣ አሁን ሥጋ ወደሙን መቀበል ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። ይህ ጥያቄ በገጠር ብቻ ሳይሆን በከተማም የብዙ ባልና ሚስት ጥያቄ ነው፤ ብዙ ምእመናን በሕፃንነታቸው ይቆርባሉ፣ ከዚያም እስኪያረጁ ድረስ ይርቃሉ። ከሠልጣኞቻችን አንዱ መልስ ለመስጠት ሲነሣ ቀና ብሎ አየኝና ተመልሶ ተቀመጠ፤ የደብሩ ቄስ ሁለቱም ንስሐ ገብተው በስምምነት ከቀረቡ ጋብቻቸው በቁርባን እንደሚጸና በእርጋታ አስረዷቸው። እናቲቱ ይህን ከገዛ ንስሐ አባታቸው ስላልጠየቁ እንጂ መልሱ ሁልጊዜም በዚያው ነበር። የእኛ ድርሻ ጥያቄው የሚነሣበትን ማታ ማዘጋጀት ሆነ፤ ይህም እጅግ ትልቅ ድርሻ እንደሆነ አምናለሁ።

በቡሄ ዕለት የሠፈሩ ልጆች ጅራፋቸውን እያጮሁ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ወዳረፍንባቸው ቤቶች መጡ። እናቶች ሙልሙል ሰጧቸው፤ እኅቶቻችንም ስለ ደብረ ታቦር በዓል ያስተማሯቸውን መዝሙር አብረው ዘመሩ። ነሐሴ 16 የእመቤታችንን ዕርገት አክብረን በማግስቱ ተመለስን።

ደብረ ብርሃን እንደገባሁ ወደ ዲያቆኑ ቤት ሄድሁ። እናቱ ቡና አቀረቡ፤ እርሱ አጠገባቸው ተቀምጦ ዝም አለ። በሰው ፊት ስለ ገሠጽሁትና በሌለበት ስለ ኩራቱ ስለ ተናገርሁ ይቅርታ ጠየቅሁት። የመለሰልኝን አልጠበቅሁትም። «ጋሼ፣ በእርስዎ ተግሣጽ አይደለም የሄድሁት» አለኝ። በእሑዱ ማታ፣ ከደጀ ሰላሙ ሲመለስ፣ በስብከቱ ያዋረዳቸው እናት እንደ ወትሮው ውኃ አሙቀው ጠብቀውት ነበር። እግሩን አጥበው እንጀራ አቀረቡለት፤ ስለ ሰሙት ነገር አንዲት ቃል አልወጣቸውም። «ቢቆጡኝ ኖሮ እቆይ ነበር» አለ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ፣ ዐይናቸውን ማየት ሲያቅተው ወጣ። እኔ ከየኔታ በስምንተኛው ቀን የሰማሁትን ይህ ልጅ ከእኔ ቀድሞ አውቆት ነበር።

ለቀሲሳችን ይህን ሳጫውታቸው የማርቆስን ነገር አነሡልኝ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 ላይ እንደምናነበው ዮሐንስ ማርቆስ ከመንገድ ተለይቶ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ፤ በምዕራፍ 15 ላይ በእርሱ ምክንያት ጳውሎስና በርናባስ እስከ መለያየት ደረሱ፤ በመጨረሻ ግን ጳውሎስ ወደ ጢሞቴዎስ በላከው ሁለተኛ መልእክቱ ማርቆስ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው ጠቅሶ ይዞት እንዲመጣ አዘዘው። ማርቆስ ለምን እንደተመለሰ መጽሐፉ አልነገረንም። እኔም የልጁን ምክንያት ሳልጠይቅ ነበር የፈረድሁበት። በጥር 2012 ዓ.ም. ዲያቆኑ ለብቻው ወደዚያች አጥቢያ ተመልሶ በእናቲቱ ቤት ሦስት ሌሊት አደረ። ምን እንደተነጋገሩ አልጠየቅሁትም፤ እርሱም አልነገረኝም።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሥልጠናው የሚከፈተው በትምህርት አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሠልጣኞቹ በሰንበቴ ዕቃ ያጥባሉ፣ ለጠበል ጸዲቅ ውኃ ይቀዳሉ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት እናት ጋር ተመድበው ስለ ሕይወታቸው ጠይቀው የሰሙትን ለቡድኑ ያቀርባሉ። ሰሚው ምን እንዳልጠየቀ ደግሞ ጓደኞቹ ይነግሩታል። አምስቱ አእማደ ምሥጢር ከዚያ በኋላ ይመጣሉ፤ ስብከት መለማመድ የመጨረሻው ነው። አንዳንድ ወላጆችና አንዳንድ ሠልጣኞችም ጊዜ ማባከን መስሎ ታይቷቸው ቅር ብሏቸዋል፤ ቅሬታውን ተቀብዬ እንኳ አሳቤን አልለወጥሁም። ወደ አንድ አጥቢያ ከመሄዳችን በፊት ሁለት ሰዎች አስቀድመው ሄደው ምን እንደሚፈለግ ካህናቱን ይጠይቃሉ። ማንም አገልጋይ በእንግድነት በገባበት ቤት ያየውን ወደ ዐውደ ምሕረት ይዞ አይወጣም። እኔን የሚመለከት ደንብም አለ፦ ተግሣጽ ካስፈለገ ለብቻ፣ አስቀድሜም ጠይቄ።

መንዝን እንደ ተመኘነው በየዓመቱ ልንጎበኘው አልቻልንም። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጣ፤ ከዚያም ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ገብቶ መንገዱ የማይታመን ሆነ። በአንጻሩ ከወለጋና ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች ወደ ከተማችን መጥተው በመጠለያ ተቀመጡ። የቡድኑ አገልግሎት ወደዚያ ዞረ። የሕፃናቱን ትምህርት የሚያስተባብረው ያ ዲያቆን ነው።

በመጀመሪያው ቀን አብሬው ሄጄ ነበር። ከድንኳኖቹ በአንዱ ደጃፍ አንድ ሽማግሌ በጀሪካን ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሲያዩን ተነሥተው ጀሪካኑን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና «እንግዳ ናችሁ፣ አረፍ በሉ» አሉን። ዲያቆኑ መጽሐፉን በእኔ እጅ አኖረና ከመቀመጡ በፊት ስማቸውንና ክርስትና የተነሡበትን ደብር ጠየቃቸው።